የተሰፋው ገጽ

በአገራችን ከስድብ ሁሉ የሚከፋው «አደራ በላ» ነው። ሌባ እንኳ ይሻላል፤ ሌባ የሚሰርቀው ከማያምነው ሰው ነው። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ደጀ ሰላም ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በአንዲት መርፌ ቁልፍ አደራ በልቻለሁ። እስከ ዛሬ ግን የሰደበኝ የለም። እንዲያውም ጎበዝ ተብዬ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ ተኝቷል።

ነገሩ የሆነው አርብ ገበያ በምትባል ከተማ በአንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ስሠራ ነው። ቤተ መጻሕፍት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ክፍል፣ አራት መደርደሪያ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ እምብዛም ነገር የሌለባት። ዐርብ ዐርብ ገበያተኛው አህያውን ከመስኮታችን ሥር ያስራል፤ አህያው ሲያናፋ ተማሪው ይስቃል፤ የኔ ሥራ «ጸጥታ!» ማለት ነበር። በዚህ ሥራ ላይ እያለሁ አንድ ፕሮጀክት መጣ። የአካባቢውን የብራና መጻሕፍትና የቆዩ መዛግብት ፎቶ አንስቶ፣ ማንም ሰው በነጻ እንዲያያቸው ኢንተርኔት ላይ የሚያኖር ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አንዳንድ ሰው ተፈለገ። እኔን የመረጡኝ ጠንቃቃ ስለሆንኩ ነው አሉ። የሚላክ ሌላ ሰው ስለጠፋ ይመስለኛል።

ደብረ ታቦር አንድ ሳምንት ሠለጠንን። ካሜራው እንዴት እንደሚቆም፣ መብራቱ ብራናውን እንዳያደርቀው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ ተማርን። አሠልጣኛችን ሁለት ነገር አጥብቆ ነገረን። አንደኛው፣ ገጽ አይዘለልም፤ ባዶ ገጽም ገጽ ነው። ሁለተኛው፣ ከያንዳንዱ ፎቶ ሥር መግለጫ ይጻፋል፤ የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ የነገሩ ዓይነት። ፎቶ ብቻውን ዕውር ነው፣ ፈላጊ የሚያገኘው በመግለጫው ነው ይለን ነበር። አብረውኝ የሠለጠኑት «ጽሑፍ አለበት» ብለው ያልፉ ነበር። እኔ ግን ሁሉን ለቅሜ እጽፋለሁ። ዕውቀት ተደብቆ መቅረት የለበትም የሚለው ነገር ልቤ ገብቶ፣ ከቄሶች ጋር ሁሉ የምከራከር ሰው ሆኜ ነበር።

ለአንድ ወር ያህል በየደብሩ ስዞር ቆይቼ፣ በጥር ወር ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚያስኬድ ደብር ሄድኩ። የደብሩ ቄሰ ገበዝ፣ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ማለት ነው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የመነጽራቸውን አንድ እግር በክር ያሰሩ ሰው ነበሩ። ሴት ዕቃ ቤት አትገባምና እኔ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ካሜራዬን ተክዬ እጠብቃለሁ፤ እሳቸው መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ታቅፈው ይመጣሉ። ተሳልመው ይከፍቱታል። ገጹን የሚገልጡ እሳቸው፣ ቁልፉን የምጫን እኔ። መጽሐፉ ሲያልቅ ጠቅልለው ይመልሱታል፤ ሌላ ያመጣሉ። ከእጃቸው ለደቂቃ እንኳ አይለይም። «አባ፣ እርስዎ ትንሽ ይረፉ፣ እኔ ልግለጥ» ስላቸው፣ «አንቺ ምን ቸገረሽ፣ መሽኑን ጠብቂ» ይሉኛል። ካሜራውን መሽን ነበር የሚሉት።

ያደርኩት እሳቸው ቤት ነው። ሚስታቸው ሞተዋል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ስማዳ፣ ወገዳ ላይ የጤና ባለሙያ ናት። ያን ሰሞን ለዓመት ፈቃድ መጥታ ነበርና ምሳችንን እሷ ታመጣልን ነበር። ሳቂታ ናት፤ አባቷን ታሾፍባቸዋለች፣ እሳቸውም ተቆጡ ለመባል ያህል ይቆጣሉ። ምሳ ስታመጣ ቅጥሩ ውስጥ ካለ አንድ ትልቅ ጽድ ሥር ትቀመጣለች። «ሌላም ጥላ እያለ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚያስቀምጡኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «ከልጅነቴ ጀምሮ ‹እዚያች ሂጂና ተቀመጪ፣ ጸልዪ› ይሉኛል። ጽዱ የዘመድ ነው መሰል።» ሁለታችንም ሳቅን።

በመጨረሻው ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ትልቁን መጽሐፍ አመጡ። በኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጸሎት ብቻ አይደለም ያለበት፤ በትርፍ ቅጠሎቹ ላይ አገሩ ውሉን፣ ኑዛዜውን፣ እርቁን ሲያስጽፍበት የኖረ ነው። ወደ መጨረሻው ስንደርስ ሁለት ቅጠሎች በዳራቸው ዙሪያ ተሰፍተው አገኘን። ብራናው ቡናማ ነው፤ ክሩ ግን ገና ነጭ ነው።

ቄሰ ገበዙ መዳፋቸውን ስፌቱ ላይ አሳረፉ።

«ይህቺን አንቺ አትፍቻት» አሉኝ።

«ምን አለባት አባ?»

«የልጄ ነገር ናት። ከኔ ከአባቷ አፍ መውጣት ያለባት ነገር ናት፣ ከብራና አይዶለም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች አትንገርብኝ ብላ አስምላኝ ኖርኩ። እሷም ሄደች። ይኸው ዘንድሮ፣ ዘንድሮ እያልኩ። ለፋሲካ ስትመጣ እነግራታለሁ፤ ያን ጊዜ አንቺም ትመጫለሽ፣ ፈትቼ ራሴ እሰጥሻለሁ።»

«አሁን እኮ እዚሁ ናት» አልኩ፤ አፌ አያርፍም።

«አሁንማ እንዲህ እየሳቀች!» አሉና አንገታቸውን ደፉ። «ለፋሲካ።»

እሺ አልኳቸው። ቃሌ ነበር።

ወዲያው ከበሩ በኩል ዋይታ ተሰማ፤ አስከሬን መጣ። ያን ዕለት ሌላው ቄስ አልነበሩምና ፍትሐት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። መጽሐፉን ዕቃ ቤት ልመልስ ቢሉ ለቀስተኛው ቆሟል። መጽሐፉን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«አንቺ አለሽ አይዶል?» አሉኝ። «አደራ።»

ስድስት ቀን ሙሉ ከእጃቸው ያልለዩትን መጽሐፍ ጭኔ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

እዚህ ላይ ፕሮጀክቱን አላመካኝም። ባዶ ገጽም ገጽ ነው የሚለው ነገር በጆሮዬ አቃጨለ ብል ደስ ባለኝ፤ እሱ የመጣልኝ በኋላ ነው፣ ማመካኛ ስፈልግ። በዚያች ሰዓት የነበረብኝ ማየት ብቻ ነው። አንዲት ሳቂታ ልጅ ምን ነገር እንዳለባት ማወቅ አማረኝ፤ ጉዳዩ ይኸው ነው። ከነጠላዬ ላይ መርፌ ቁልፌን ነቀልኩና ቋጠሮውን መጎርጎር ጀመርኩ። ቋጠሮው አስቸገረኝ። ሰው ሲመጣ ቶሎ እንድዘጋው አንድ ጆሮዬ ፍትሐቱ ላይ ነው። ሲፈታልኝ እንደ ጎበዝ ደስ አለኝ።

ጽሑፉ የሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ አጭር ነው። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ከቆላ የመጣች ሴት ሕፃን ታቅፋ ደጀ ሰላሙ ላይ እንደ ወደቀች ይላል። ስሟን ሳትናገር በማግሥቱ ዐረፈች፤ ከቅጥሩ ውስጥ ከጽዱ ሥር ቀበርናት። ልጅቱን እኔና ባለቤቴ ተቀበልን። አውራ ጣቴን ከማር ነክሬ አጥብቻታለሁ፤ ከዛሬ ጀምራ የጡት ልጄ ናት፤ ከቤቴም ከከብቴም የአብራክ ልጅ እንደሚካፈል ትካፈል። ከዚያ የምስክሮች ስም። ከሁሉም በታች ደግሞ ግዝት፦ ከጎረቤትም ከዘመድም «የሰው ልጅ ነሽ» ብሎ የነገራት ቢኖር በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን።

ቀና ስል ከጽዱ ሥር እሷ ተቀምጣለች። የምሳውን ዕቃ አጠገቧ አድርጋ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ለቅሶው እስኪያልፍ ትጠብቃለች። አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቀላትን ነገር አሁን እኔም አወቅሁ። ዕንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። ዕንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ ካሜራውን አስተካከልኩና ፎቶ አነሳሁ። ያለቀሰችውም ያነሳችውም እኔው ነኝ።

ለቀስተኛው ሲበተን ሰማሁ። ክሩን በየቀዳዳው እያሾለክሁ መለስኩት፤ ስለቸኮልኩ ቋጠሮው አልጠበቀልኝም። ቄሰ ገበዙ መጥተው መጽሐፉን ተቀበሉ፣ ተሳለሙት፣ ጠቀለሉት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ያኔም ቢሆን ገና አልረፈደም ነበር። አርብ ገበያ ተመልሼ ፎቶዎቹን ስደረድር ያንን አንዱን ልሰርዘው እችል ነበር። ወይም አብረውኝ እንደሠለጠኑት «ጽሑፍ አለበት» ብዬ ባልፈው፣ ከዚያ ሁሉ ገጽ መካከል ማን ያገኘው ነበር? እኔ ግን ጠንቃቃ ነኝ አይደል። የደብሩን ስም፣ የአባትየውን ሙሉ ስም፣ የልጅቱን የክርስትና ስም፣ «የጡት ልጅ ውል»፣ «እናቷ በቅጥሩ ውስጥ ከጽድ ሥር የተቀበረች» ብዬ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ። ስለ ግዝቱ አሰብኩ፤ ጎረቤትም ዘመድም አይደለሁም፣ እኔን አይመለከትም አልኩ። ደግሞም ማን ያየዋል አልኩ። ዓለም ሁሉ እንዲያየው ብላ አንድ ወር በእግሯ የዞረች ሴት ማን ያየዋል ስትል አስቡት። የኔን መግለጫ አሠልጣኙ ለሌሎቹ ምሳሌ አድርጎ አሳየው። የምስክር ወረቀቱም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ድረ ገጹ የተከፈተው በዐቢይ ጾም ነው። የዚያው ደብር ልጅ የሆነ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የደብሩን ስም ጽፎ ሲፈልግ መጽሐፉን አገኘው። ደስ ብሎት፣ ኩራት ይዞት፣ አንዳንድ ገጽ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ፤ «የአባቶቻችን ቅርስ» ብሎ። ከለጠፋቸው አንዱ ያ ገጽ ነበር። ልጁ ክፋት የለውም፤ እንዲያውም የቄሰ ገበዙ ደግነት ይታወቅ ብሎ ነው ያደረገው። ወገዳ ላይ አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ «ይኼ የአባትሽ ስም አይደለም?» ብላ ስልኳን ሰጠቻት። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ለፋሲካ አልመጣችም።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው፣ ከራሳቸው ከቄሰ ገበዙ። ዕለቱ ዐርብ ነው፤ ገበያው ሞልቷል። ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ በአቧራ ነጭ የሆነ እግራቸውን ደጃፉ ላይ አራግፈው ወደ ቤተ መጻሕፍቷ ገቡ። ገና ሳያቸው ጉድ ፈላ፣ ሊያወግዙኝ መጡ አልኩ። ወንበር ሰጠኋቸው። ውኃ አልፈልግም አሉ። በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

የያዝኩትን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«ያ ገጽ ወጥቶ፣ ልጄ አይታው አኮረፈችኝ። ስደውል አታነሳም። እኔም ልቤ አንቺን ስታማ ሰነበተች። እሷ ፈታችው፣ አደራዬን በላች ብዬ ጠረጠርኩሽ። ኋላ መጽሐፉን አውጥቼ ባየው ቋጠሮው ላልቶ ተንጠልጥሏል። ለካ እኔው ነኝ! ዓይኔ ደክሟል፣ በዳበሳ ነው የሰፋሁት፤ ሳላጠብቀው ቀርቼ ነው። ክፍት መጽሐፍ ካስረከብኩሽ አንቺ ምን ታደርጊ፣ ሥራሽ ነው። ሰው በሐሰት ጠርጥሬ መቅደስ መግባት ከብዶኛል። ይቅር በይኝ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሳቸው ጠርጥረውም ተመነጠሩ። ጥርጣሬያቸውን ራሳቸው ይዘው የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ ለኔ አስረክበውኝ ሊሄዱ ነው።

እዚያች ክፍል ውስጥ ማንም አልነበረም። ከመስኮቱ ሥር አህያ ያናፋል። «አባ፣ እኔ ነኝ የፈታሁት» ለማለት ስንት ቃል ይፈልጋል? አፌ ውስጥ ነበረ። አንድ ሽማግሌ ቄስ በደጄ ተቀምጠው ይቅርታ ሲለምኑኝ፣ እኔ በዳይቱ ምን አልኩ?

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ፤ እንደ ደህና ሰው ተሳለምኩ። ከዚያ ወደ ገበያው ወጥተው ጨው ገዝተው ሄዱ።

በማግሥቱ ለፕሮጀክቱ ሰዎች ጽፌ ገጹን አስነሳሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። እዚያ ቢነሳ ከሰው ስልክ ወደ ሰው ስልክ ሲሄድ ከርሟል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ልጅቱ ዘግይታም ቢሆን ወደ አባቷ ተመለሰች። ዓይናቸው ፈጽሞ ሲጠፋ ወገዳ ወስዳ አስታመመቻቸው። ካረፉ በኋላ፣ አርባቸው ወጥቶ፣ ወደ ወገዳ ስትመለስ አርብ ገበያ ወርዳ እኔ ዘንድ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ያች ሳቂታ ልጅ እንደሆነች ወዲያው አላወቅኋትም። የመጣችው ፎቶውን ፈልጋ ነው። ገጹም ወደ ቦታው እንዲመለስ ፈለገች፤ «ስለ እናቴ የተጻፈ ሌላ ምን አለኝ?» አለችኝ። አንድ ቅጂ አተምኩላት። ወረቀቱን ይዛ ቆማ ቀረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ‹ለፋሲካ ልነግርሽ ነበር› ይሉኝ ነበር። አላመንኳቸውም። ሊነግረኝ ያሰበ ሰው፣ እኔ ከጽዱ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ለባዕድ ሰው ገልጦ ይሰጣል? ‹አልገለጥኩም፣ ክሩ ላልቶ ነው› ይሉኛል። እንዲህ ያለውን ነገር አላልቶ ሰፍቶ ለሰው ይሰጣል? እኔን ቢያስቡ ኖሮ ያጠብቁት ነበር እኮ። እያስታመምኳቸው እንኳ ይኼ ከሆዴ አልወጣም። እውነት ላልቶ ነበር?»

በዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ከፊቷ ቆሟል። ሊነግሯት እንደነበር የሰማሁ እኔ ነኝ። ለፋሲካ ሲሉ፣ እንዲህ እየሳቀች ሲሉ፣ አንገታቸውን ሲደፉ ያየሁ እኔ ነኝ። አንድ ቃል ብናገር አባቷ ይመለሱላት ነበር።

«አዎ» አልኳት። «ላልቶ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የወገዳ መኪና እንዳያመልጣት ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። ወገዳ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ቢከፋም መኪና አለ። ብዙ ጊዜ ልሂድ ብዬ ተነስቼ፣ መናኸሪያ ደርሼ ተመልሻለሁ። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ፈሪ ነኝ። ገጹ እሷ እንዳለችው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ መግለጫ የመጻፍ ፈቃዱም አሁንም በእጄ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ የጻፍኩትን ደምስሼ ይህን ጽሑፍ ከፎቶው ሥር አኖራለሁ። ማንም በነጻ ያነበዋል፤ ይሁን፣ ይገባኛል። እኔ የጻፍኩት ግን ለአንዲት አንባቢ ነው።

እህቴ፣ አባትሽ ለፋሲካ ሊነግሩሽ ነበር። ለኔ የገለጡልኝ ነገር የለም፤ እንዳልፈታው ነግረውኝ፣ አደራ ብለውኝ ሄዱ። ክሩ አዲስ ነበር። ቋጠሮውም ጠብቆ ነበር፤ እሱን ስፈታ የአውራ ጣቴ ጥፍር ተሰብሯል።